ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ፦ ከጉልላቱ በፊት ጓዳውን እዩ

መጀመሪያ ደብረ ሊባኖስ የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። እኔ ካሜራ ይዤ፣ እሷ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዛ። እኔ በቀጥታ ወደ ትልቁ ጉልላት ሮጥኩ። እሷ ደጁ ላይ ቀረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ዳቦው አልቋል። አክስቴ ከአንዲት እማሆይ ጋር አጥር ተደግፋ ወሬ ይዛለች።

«ምን አየህ?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያኑን።»

«እሱማ ሰፈራችንም አለ» ብላ ሳቀችብኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ በሦስተኛው ጉዞዬ ነው። ገዳም አንድ ሕንፃ አይደለም። የሚያበላ፣ የሚያሳድር፣ የሚያስተምር፣ በሽተኛ የሚቀበልና ሬሳ የሚቀብር ትልቅ ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ የራሱ ክፍል አለው። አብዛኞቹ ክፍሎች ቆርቆሮ የለበሱ ጭቃ ቤቶች ስለሆኑና በራቸው ላይ ስለማይጻፍ፣ ጎብኚ አልፏቸው ይሄዳል። ፎቶ የሚነሳው ጉልላቱ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ደብረ ሊባኖስን አይቶ፣ ሳይመሽ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ገልብጬዋለሁ። ጓዳው ይቀድማል፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይከተላል።

1. ቀኑን ምረጡ

ከሁሉም በላይ ጉዞውን የሚወስነው ቀኑ ነው። በየወሩ 24 የገዳሙ መሥራች የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቀን ነው፤ ሰው ይበዛል። ከሁሉም የሚደምቀው ነሐሴ 24፣ ዕረፍታቸው ነው። ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ግንቦት 12 ደግሞ ፍልሰተ ዐፅማቸው ይከበራል። በነዚህ ቀናት ለመሳለም እንጂ ለመጎብኘት አትሂዱ። እኔ አንድ ነሐሴ 24 በዝናብ ሄጄ፣ ከመገንጠያው እስከ ገዳሙ ያለችውን አጭር መንገድ በእግሬ፣ በጭቃ፣ ከሕዝቡ ጋር እየተገፋሁ ወርጃለሁ። በረከት ነው፤ ግን ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ለጉብኝት የምመክረው ተራ ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው። ምክንያቱም የቅዳሴ ሰዓት ነው። እሁድ ቅዳሴ ገና ሌሊት ገብቶ ጠዋት ያልቃል። እናንተ ስትደርሱ ሕዝቡ ወጥቶ፣ በሩ ሊዘጋ ይችላል። በጾም ቀን ግን ቅዳሴው የሚገባው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ግቢውንና ዋሻውን አይታችሁ፣ በሰዓቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትገባላችሁ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ይህ ስሌት አይሠራም።

ከወራቱ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ገደሉ ጉም ይለብሳል። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንጂ ሸለቆውን አታዩም።

2. ዋዜማውን

በመጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ይህ የጎጃም መንገድ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ጊዜ የሚያሰጋ ሆኗል። ሰሞኑን የተመላለሰ ሹፌር ወይም እዚያው አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። «አሁን ጥሩ አይደለም» ካላችሁ ሳምንቱን አሸጋግሩት። ገዳሙ ከ700 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ሳምንት ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ ዝርዝር ብር። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ደጁ ላይ ደርሶ ድፍን ብር ይዞ መቆም የሚያሳፍር ነገር ነው። ሰው ይዘረጋል፤ እናንተ ኪሳችሁን ትደባብሳላችሁ። ዋዜማውን ከባንክ ወይም ከሰፈር ሱቅ ዘርዝሩ። በሁለት ኪስ ክፈሉት፤ አንዱ ለደጁ፣ አንዱ ለመግቢያና ለአስጎብኚ።

ለገዳሙ የሚሆን ነገር መውሰድ ከፈለጋችሁ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ የተለመዱ ናቸው። ዘቢቡ ለቅዳሴ ወይን መጭመቂያ ይሆናል። ለሰዎቹ ደግሞ ዳቦ፣ ጨው፣ ሳሙና። የተቀደደ ልብስ ጠቅልላችሁ አትውሰዱ። ቤታችሁ የማትለብሱትን እነሱም አይለብሱትም።

ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ነጠላ ለወንዱም ቢኖር ጥሩ ነው። ቶሎ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ የጠዋቱ ወለል በረዶ ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ወደ ውስጥም ወደ ጸበሉም አትገባም፤ ግቢውን ከውጭ ማየትና ሸለቆው ዳር መሄድ ግን ትችላለች። በቡድን የምትሄዱ ከሆነ ለገዳሙ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ብታሳውቁ፣ የሚቀበላችሁና የሚያሳያችሁ አባት አታጡም።

3. መንገዱ

ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ። በእንጦጦ አድርጎ ሱሉልታ፣ ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ገዳሙ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ደህና ከሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደብረ ጽጌን ደብረ ሊባኖስ መስሏቸው የሚወርዱ አሉ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ እለፉ። መገንጠያው በስተቀኝ ነው። ከዚያ ቁልቁል 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ፣ ወደ ፍቼ የሚሄድ መኪና ያዙና ለረዳቱ «ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ» በሉት። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ፍቼ ትገባላችሁ። ጠዋት እንዳይረፍድባችሁ እንጂ ማታ እንዳይመሽባችሁ ስለማታስቡ፣ የመመለሻውን መኪና ሰዓት እዚያው ረዳቱን ጠይቁት።

አገሩ ሰላሌ ነው። የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። «አካም ጅርቱ» ማለት ከቻላችሁ መንገድ ጠቋሚውም ባለሱቁም ፊቱ ይፈታል።

4. መኪና ውስጥ የሚነገር ታሪክ

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ከሱሉልታ በኋላ አውሩላቸው፤ ሜዳው ረጅም ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የሸዋ ሰው ናቸው። የቡልጋ። ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን በተለምዶ እ.ኤ.አ. 1284 ይባላል። ያኔ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1445። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ይባል ነበር። ከግብፅ ከሚመጣው ጳጳስ ቀጥሎ በቤተ ክህነቱ ትልቁ ሰው እሱ ነበር። ዛሬ ፓትርያርኩ «እጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ሲባሉ የምትሰሙት ከዚህ የመጣ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ተቃጠለ። ስለዚህ «700 ዓመት የሞላው ሕንፃ» ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ታፍራላችሁ። አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ1950ዎቹ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ያረጀው ግድግዳው ሳይሆን በግድግዳው ዙሪያ የሚሠራው ሥራ ነው። እንዲህ የተቃጠለ ቤት የሚተርፈው በልማዱ ነው።

5. ደጁን እዩ

መኪናችሁን አቁማችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኙት የተቀመጡ ሰዎችን ነው። አካል ጉዳተኛ፣ ዐይነ ስውር፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ጸበል ፈልጎ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ። አማርኛ ለማኝን «የኔ ብጤ» ይለዋል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አስቡት፤ «እንደኔ ያለ» ማለት ነው።

አሰጣጡን ከአክስቴ ነው የተማርኩት። እሷ በሩ ላይ እንደ ደረሰች አትሰጥም። መጀመሪያ ትሳለማለች። ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሩቁ ጫፍ ትጀምራለች። «ፊት ያለው ከሁሉም ይቀበላል፤ ኋላ ያለው መነሳት የማይችለው ነው» ትላለች። አየሁት፤ እውነት ነው። በሩ አጠገብ ያሉት መራመድ የሚችሉት ናቸው። ጫፍ ላይ ግንቡን ተደግፎ የነበረው ሽማግሌ እጁን እንኳ አልዘረጋም። ዳቦውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። በሁለት እጁ አንስቶ ግንባሩን አስነካው፣ ከዚያ ግማሹን ቆርሶ አጠገቡ ለተኛው ሰጠና የቀረውን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ሳንቲም አትወርውሩ። ጎንበስ ብላችሁ እጅ ላይ ስጡ። ብሩ ሲያልቅባችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል። ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይቀየማችሁም። ለሕፃናት ብር ከመስጠት ዳቦ ይሻላል፤ እዚያው ሲበሉት ታያላችሁ።

ጭንቅላቱን በሻሽ የጠቀለለ፣ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ ካያችሁ የአብነት ተማሪ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። የኔታው ያስተምሩታል፣ አገሩ ይመግበዋል። በድሮው ሥርዓት የተማሪ ቤት ማለት ይህ ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ወጥ ቤቱ የመንደሩ ሁሉ ጓዳ የሆነ። ለሱ ብር ሳይሆን እንጀራ ወይም ቆሎ ስጡት። ምን እየተማረ እንደሆነም ጠይቁት። ዳዊት ይሁን ዜማ ወይስ ቅኔ? ደስ ይለዋል።

6. ግቢውን አንብቡ

ይህን ደረጃ አትሩጡበት። አንድ ሰዓት ስጡት።

የየትኛውም ገዳም ወይም ደብር ግቢ የተለመደ አቀማመጥ አለው። አንዴ ካወቃችሁት የትም ብትሄዱ ታነቡታላችሁ። ከዋናው ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ በኩል ትንሽ ለብቻዋ የቆመች ቤት ፈልጉ። ቤተልሔም ናት። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ከውጭ እዩና እለፉ። በሯ ላይ ቆሞ ማጮለቅ አይፈቀድም።

ከዚያ ዕቃ ቤት አለ። መስቀሉ፣ ብራናው፣ ነገሥታት የሰጡት ልብስና ዘውድ የሚቀመጥበት። ገዳሙ ለጎብኚ የሚያሳየው ነገር ስላለው በክፍያ ታያላችሁ። የሚያሳዩአችሁ አባት ብራናውን ሲገልጡ አብራችሁ ለመግለጥ እጃችሁን አትዘርጉ። የእጅ ላብ ለብራና ጠላት ነው።

ደጀ ሰላም የሚለው ስም ሁለት ነገር ያሳያል። የግቢው በርም ደጀ ሰላም ይባላል፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ተሰብስበው የሚቀምሱበትም ቤት እንዲሁ። ሰንበቴ ቤት ደግሞ አለ። ምእመናን በማኅበር ተራ ገብተው፣ እሁድ እሁድ እንጀራና ጠላ አምጥተው የሚበሉበት። ዋናው ነገር ማን አብሮ እንደሚበላ ነው። ደግሶ ነዳያንን ሳያበላ የወጣ ሰንበቴ፣ ሰንበቴ አይባልም። ተዝካርም ዝክርም እንዲሁ ነው። አገራችን ለድሆች ብሎ ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ብዙ አልገነባም። አዳራሽ ሳይሆን ቀጠሮ ነው የሠራው፤ የወሩ 24፣ የወሩ 12፣ የወሩ 21። የተራበ ሰው ቀኑን ቆጥሮ የት እንደሚበላ ያውቃል። ለኔ ይህ እንደ ሕንፃ የሚታይ ነገር ነው።

ወደ መነኮሳቱና መነኮሳይያቱ መኖሪያ በኩል ስትሄዱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ደብረ ሊባኖስ ወንዶችም ሴቶችም መነኮሳት አሉ፤ ሴት ጎብኚም ትገባለች። ያቺ ከአክስቴ ጋር ያወሩት እማሆይ፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ ከአንዲት ጠባብ ቤት ፊት ማዳበሪያ ላይ እንጀራ ቆራርሰው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ድርቆሽ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ፊቱን ወደ ፀሐይ እያዞሩ፣ ጠርዙ የተጣጠፈውን እየዘረጉ። ዝንብ እንዳያርፍበት ጥግ ላይ ቅጠል ይዘዋል።

«እማሆይ፣ ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳቸው።

«ለሚመጣው» አሉኝ።

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ይመጣላ።»

ከሩቅ አገር ለሱባኤ የመጣ ሰው የሚያርፍባቸውን ክፍሎች ካሳዩአችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ እዩ፤ ውስጥ የተኛ በሽተኛ ሊኖር ይችላል። መቃብር ቤቶቹንም እዩ። እዚህ መቀበርን እንደ ትልቅ በረከት የሚያይ ብዙ ሰው አለ፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሬሳ ይመጣል። ባለግንቡም ባለአፈሩም ጎን ለጎን ነው። ሐውልቶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ማዕረጉ፣ አገሩ፣ «ከልጅ ልጆቻቸው» የሚለው ሁሉ።

7. ዋሻውና ጸበሉ

ከግቢው ወጥቶ ሽቅብ ትንሽ የሚያስኬድ ነው። ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ከፍታው ያደክማል። ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ነው። ለ22 ዓመት በሁለት እግራቸው፣ አንዱ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ለ7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ሥዕላቸው ላይ አንድ እግር ወድቆ የምታዩት ለዚህ ነው። በዋሻው ውስጥ ጸበል አለ።

ጸበል የሚጠመቅ ወይም የሚጠጣ ሰው ምንም ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። እናንተም ለመጠጣት ካሰባችሁ ቁርስ ይቅር። የምትቀዱበት ንጹሕ ዕቃ ከቤት ያዙ።

እዚህ ጋ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። አንዴ ከኔ ጋር የመጣ ጓደኛዬ ድምፅ እያሰማች የምትንፈራፈር ልጅ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። የልጅቷ አባት መጥቶ ምንም አልተናገረም። ጋቢውን አውልቆ በልጁና በስልኩ መካከል ዘርግቶ ቆመ። ጓደኛዬ ያን ቀን ሙሉ ሌላ ፎቶ አላነሳም። ጸበል ቦታ ሆስፒታል እንደ መግባት ነው፤ የሰው ሕመም አይቀረጽም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይዛችሁ ከመጣችሁም መድኃኒቱን እንዳታስቆሙት። ሐኪም ያዘዘውንና ጸበሉን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።

8. አሁን ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን

ወደ 6 ሰዓት ገደማ ሆኗል። ደወሉን ትሰማላችሁ። ጫማ አውልቁና በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ከናንተ አታርቁት። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ይቆማሉ።

ውስጡ ሦስት ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። እናንተ ከመጋረጃው ወዲህ ናችሁ። ቀና ብላችሁ ጉልላቱን እዩ፤ ከዚያ ባለቀለም መስታወት መስኮቶቹን። የእኩለ ቀን ብርሃን ሲገባ ያምራሉ። ይህን ብቻ ለማየት የጾም ቀንን መምረጥ ያዋጣል።

ቅዳሴው ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው መቆም ካልቻላችሁ መጀመሪያውኑ ከኋላ፣ በር አካባቢ ቁሙ። ወንጌል ሲነበብ አትውጡ። ፍላሽ የለም። እንዲያውም በቅዳሴ ሰዓት ካሜራም የለም። ቅዳሴ የማታስቀድሱ ወይም እምነታችሁ ሌላ የሆነ፣ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ መቆም ትችላላችሁ፤ ከውጭ አገር ለሚመጣ እንግዳ ግን የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ደረሰኝ ጠይቁ።

9. ግንቦት 1929

ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ አንድ አባት ፈልጋችሁ ስለዚህ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስት ኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፋሺስቶቹ ገዳሙ ከነገሩ ጀርባ እጁ አለበት አሉ። ጄኔራል ማሌቲ ጦሩን ይዞ መጣ። የመረጠው ቀን ግንቦት 12ን ነው፤ ፍልሰተ ዐፅሙ የሚከበርበትን፣ ከየአገሩ ሰው የሚሰበሰብበትን። ሕዝቡን ከበበ። በማግስቱ መነኮሳቱንና ተሳላሚውን በጭነት መኪና እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሸለቆ ወስደው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ዘገባ 297 መነኮሳት ብሎ ቆጠረ። በኋላ የተጠኑ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ ምናልባትም እስከ 2,000 ያደርሱታል።

ያልኳችሁን ጓዳ አሁን መልሳችሁ አስቡት። የተገደሉት መነኮሳት ብቻ አልነበሩም። ለበዓል የመጣ እንግዳ ነበር፣ የአብነት ተማሪ ነበር፣ ደጁ ላይ የተቀመጠ ነበር። ገዳሙ እንግዳ ስለሚቀበል ነው ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ያገኙት።

10. ድልድዩና ሸለቆው

ከገዳሙ ወጥታችሁ ወደ መገንጠያው ስትመለሱ፣ ገደሉ ዳር አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሁሉም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ፖርቱጋሎች ግን አልሠሩትም። ያሠሩት የሰላሌው ገዥ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ። አሠራሩ ፖርቱጋሎች ሠሯቸው የሚባሉትን የጎንደር ዘመን ድልድዮች ስለሚመስል ስሙ ተለጠፈበት። በኖራው ውስጥ የሰጎን እንቁላል ተጨምሯል የሚል ወሬም አስጎብኚዎቹ ይነግሯችኋል። አዳምጡና ፈገግ በሉ።

እኔ ድልድዩን ከምጽዋት ሥራዎች ጋር ነው የምደምረው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማዶ ያለ ሰው ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አይደርስም ነበር። ከብትም ሰውም ይወስዳል። ድልድይ ላሠራ ሰው የተሻገረ ሁሉ ይመርቀዋል።

ምሳችሁን እዚህ ብሉ። ግቢው ውስጥ መብላት አይመችም፤ የጾመ ሰው አጠገባችሁ አለ። ሸለቆው ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አባይ የሚወርድ ነው። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር እየነጩ ይቀመጣሉ፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው። አትመግቧቸው። አንድ ቀን ሙዝ ያሳየች ሴት ቦርሳዋን አጥታለች። ልጆችን ከአፋፉ አርቁ፤ አጥር የለም፣ ሣሩ ደግሞ ያዳልጣል። ወደ ድልድዩ የሚወስዷችሁ የአካባቢው ልጆች ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ዋጋውን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ።

11. መመለስ

ከ9 ሰዓት ተኩል አትለፉ። ከመሸ ጉሙም ከባድ መኪናውም አብሮ ይመጣል፤ ከብትም ወደ ቤት የሚገባው በአስፋልቱ ላይ ነው።

ሰላሌ የወተት አገር ነው። በመመለሻችሁ ጫንጮ አካባቢ እርጎ ታገኛላችሁ። የጾም ቀን መምረጥ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ እያያችሁ ማለፍ። አክስቴ ግን መላ አላት። ዓርብ ሄዳ ለቅዳሜ ትገዛለች። ባዶ ጀሪካን ከቤት ይዛ ትመጣለች፣ ነጋዴዋን «ልጄ፣ አፉ ድረስ አትሙዪው» ትላለች፣ ክዳኑን ራሷ ታጠብቃለች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ መሃል ታደርገዋለች። እኔ አንዴ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብዬ አስቀምጬው፣ የእንጦጦ ጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ሁሉ እርጎ አጠጥቼዋለሁ። ሽታው እስከ ጥምቀት አልለቀቀም።